ሙታንን ስለ መቍጠር

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ብሪታንያን በመታ ጊዜ፥ ሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሙታኑን ይቈጥሩ ነበር። የጤናው መሥሪያ ቤት በምርመራ ሕመሙ የተገኘበትን ሲመዘግብ፥ የስታቲስቲክሱ ደግሞ ሐኪም በሞት ምስክር ወረቀት ላይ ሕመሙን የጠቀሰበትን ሁሉ፥ ያልተመረመረውንም ጭምር ይቈጥር ነበር፤ ስለዚህ ድምራቸው አልተስማማም።

በጤናው መዝገብ ከሕመሙ ድኖ በሌላ ምክንያት የሞተም ይገባ ስለ ነበረ፥ ነሐሴ 6 ቀን 2012 ዓ.ም. በምርመራ ከታወቀበት አንሥቶ በ28 ቀን ውስጥ የሞተው ብቻ ይቈጠር ተባለ። በዚያው ዕለት 46,706 የነበረው የአገሩ ድምር ወደ 41,329 ወረደ። ከመቃብር የተነሣ አንድ ስንኳ ሳይኖር 5,377 ሰዎች ከመዝገብ ወጡ፤ በዚሁ ሕመም ከ28 ቀን በላይ ማቅቆ የሞተውም አብሮ ቀረ።

እንግዲህ መዝገብ የምንይዝ ሰዎች፥ ስንት እንደ ሞተ ከመጻፋችን አስቀድሞ ማን እንደሚቈጠር በግልጥ እንጻፍ።