የሲራራ ነጋዴ መንገድ በቦረና በኩል

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተንገላቶ መካነ ሰላም የገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አገሩ እዚህ አለቀ እንዴ?» ብሎ ነው። አልተሳሳተም፤ ካርታውም ያንኑ ይላል። ቦረናንና ሳይንትን በሰሜን በሽሎ፣ በደቡብ ወለቃ፣ በምዕራብ ደግሞ አባይ ቆርጠው አስቀምጠዋቸዋል። ለሲራራ ነጋዴ ግን ይህ አገር ዳር ሳይሆን መሻገሪያ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአባይ ማዶ በጎጃም ያለው ባሶ በ19ኛው መቶ ዘመን ከታላላቆቹ ገበያዎች አንዱ ነው። ከእናርያና ከጊቤ ማዶ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይመጣበታል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርድበታል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም የከረመው እንግሊዛዊ ቻርለስ ቢክ የገበያውን ዕቃ ዘርዝሮ ጽፎልናል። ዋናው መስመር በጎንደር አድርጎ ምፅዋ ይወርዳል። ሌላው ቅርንጫፍ ወደ ምሥራቅ አባይን ተሻግሮ፣ የወሎን ደጋ አቋርጦ ወደ አውሳና ታጁራ ያቀናል። በዛሬው አጠራር ኤርትራና ጅቡቲ ድረስ የሚዘልቅ የእግር መንገድ ማለት ነው።

አሞሌ ዕቃም ነው፣ ገንዘብም ነው። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል ይወጣና ደጋው ላይ በበቅሎና በአህያ ይጫናል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንዳስተዋለው፣ ጨው ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ነጋዴው የሚያተርፈው በእግሩ ነው ብንል ያስኬዳል። ትርፉን ደግሞ ኬላ ይጠብቀዋል፤ በየገዢው በር ቀረጥ አለ። ለዚህ ነው ሲራራው ብቻውን የማይሄደው፤ በነጋድራሱ ሥር ተሰባስቦ ይጓዛል፣ የሚደራደርለትም እሱ ነው። ብቻውን የሄደ ምን እንደሚያገኘው ሚሲዮናዊው ክራፕፍ አይቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1842 በወሎ ሲያልፍ አንድ ባላባት ንብረቱን ዘርፎ አስቀርቶታል።

ከሁሉ የሚከብደው አባይ ነው። የጥንቶቹ የድንጋይ ድልድዮች፣ የጢስ አባዩ አላታና የሞጣው ሰባራ ድልድይ፣ ሁለቱም ወደ ላይ ናቸው፤ ለቦረና ሰው አይቀርቡም። እዚህ ያለው መልካ ብቻ ነው። በበጋ ውሃው ሲጎድል በእግር፣ ካልሆነም ስልቻ ነፍቶ በዋና ይሻገሩታል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ጨውም ዝናብ አይወድም፤ እስኪበራ ንግዱ ይተኛል። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ደገኛው ወባውን ፈርቶ ቆላ ማደር አይወድም፤ ሌሊት ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ሳይመሽ ደጋ ለመውጣት ይሽቀዳደማል።

ይህን ስናወራ ስለ ቡናውና ስለ ማሩ ብቻ እንዳናወራ። በባሶ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። በዚሁ አቀበት ከአሞሌው ጎን ለጎን ከጊቤ ማዶ የተማረኩ ልጆች ተነድተዋል። መንገዱን «የጥንት ሥልጣኔያችን» እያልን ብቻ የምናሞግስ ከሆነ ግማሹን ታሪክ ገደል ከተናል፤ እኔ በበኩሌ ጠቋሚ ሰሌዳ የሚተከል ከሆነ ይህም ይጻፍበት እላለሁ።

ዛሬ ከመካነ ሰላም ጎጃም በመኪና ይገባል፤ አባይም በድልድይ ይታለፋል። ያ ትልቅ ነገር ነው፣ አላማርርም። ነገር ግን መኪና በመጣበት ዘመን የእግር መንገዱ ይረሳል፤ መልካዎቹን በስማቸው፣ የኬላውን ቦታ በምልክቱ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፣ እነሱም እየተመናመኑ ነው። መቅደስም ሆነ መስጊድ ደጃፍ ሄዶ መጠየቅ የታሪክ ክፍላችን ተማሪዎች በአንድ የበጋ ወር የሚጨርሱት ሥራ ነው። በሰሜን ወሎ መቄት አምባ ላይ ተስፋ የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም በገበሬው መንደር እያሳደረ መንገደኛ በእግር ያስጎበኛል። እኛ ዘንድ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያለበት የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ፣ የድሮው ደንቆሮ ጫካ፣ ቅርባችን ነው።

ለሚቀጥለው መገናኛችን ሐሳብ ላቅርብ፦ ከአዳራሹ ስብሰባ አንዱን ቀን ቀንሰን፣ ጥር ላይ ከንጋቱ በፊት ተነስተን እስከ አባይ እንውረድ። በቅሎ ለጉልበት ደካሞች፣ ውሃና ኮፍያ ለሁሉም። የድምፅ መቅረጫ የያዘ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ፊት ይሂድ።