የተማሪው እንጀራና የተማሪው ዕዳ

ከትምህርት ቤታችን የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ልቡ የሚመኘው አንድ በር አለ፤ ይኸውም የዩኒቨርሲቲ በር ነው። ከሮቤና ከጎባ፣ ከዲንሾና ከአጋርፋ፣ ከጎሮና ከጊኒር የሆኑ ወላጆች ልጃቸው «ግቢ ገባ» ሲባል ደስታቸው ወሰን የለውም። ስለዚያ ግቢ ኑሮ ስንጠይቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን ስለ ዶርሙ ጥበት፣ ስለ ካፌው ወጥ ቅጥነትና ስለ ፈተናው ክብደት ነው። ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም፣ እኛ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ከዚህ ጠለቅ ያለ ጥያቄ ለማንሣት ተስማማን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪን እንጀራ ማን ሲከፍልለት ኖረ? ተማሪውስ ያን ዕዳ በምን ከፈለ? በዚህ ጥያቄ ብንመረምረው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታሪክ ከሞላ ጎደል በዚህ አንድ ክር ላይ የተሰካ ሆኖ አገኘነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው በታኅሣሥ ወር 1943 ዓ.ም. ነው። ስፍራው አራት ኪሎ፣ መሪውም ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ሲጀመር ተማሪዎቹ 33፣ መምህራኑም 9 ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ዛሬ እኛ በአንድ ክፍል ከምንቀመጠው ያንሳል። የተማሪው ትምህርት፣ ምግብና መኝታ በመንግሥት ወጪ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሌጁን ደጋግመው ይጎበኙት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአዲስ አበባ የምሕንድስና ኮሌጅ፣ በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ በዓለማያም የእርሻ ኮሌጅ ተከፈቱ። አገሪቱ የተማረ ሰው በብርቱ ትፈልግ ስለ ነበር፣ ኮሌጁን የጨረሰ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ይጠብቀው ነበር።

በዚያን ዘመን ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ወጣቶች በአንድ ክፍል ተኝተው፣ በአንድ ገበታ በልተው፣ በአንድ መብራት ሥር ማጥናታቸው ራሱ ታላቅ ትምህርት ነበር። ስለ አገሩ ሌላ ማዕዘን በካርታ ብቻ ያውቅ የነበረ ወጣት፣ የዚያን አገር ልጅ አጠገቡ ተኝቶ አገኘው። ይህን ትምህርት የትኛውም መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሊሰጠው አይችልም።

ይህ ሁሉ ከየት ይከፈል ነበር? ከመንግሥት ግምጃ ቤት ነው ብለን ብንመልስ መልሱ እኩሌታ ነው። የግምጃ ቤቱ አንዱ ምንጭ ከመሬት የሚሰበሰበው ግብር ነበርና። ከዚህም በላይ በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ታውጆ ነበር። የዚህ ግብር ዓላማ በየአገሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለማስፋፋት ነው። ነገር ግን በአካባቢው ትምህርት ቤት ያልነበረው ገበሬ ብዙ ነበር። ልጁ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ለሌላው ሰው ልጅ ትምህርት ይከፍል ነበር ማለት ነው። በሲናና ሜዳ ስንዴውንና ገብሱን ያጭድ የነበረው አባት አራት ኪሎን አያውቀውም፤ አራት ኪሎ ግን ከእርሱ ላብ ድርሻ ነበረው።

ተማሪዎቹ ይህን ነገር ለመገንዘብ ብዙ ዘመን አልፈጀባቸውም። በ1950 ዓ.ም. በአክራ ከተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ በኋላ፣ ኢትዮጵያ በሰጠችው የትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ መጡ። እነዚህ እንግዶች ስለ ነጻነትና ስለ መንግሥት አስተዳደር በግልጽ ይከራከሩ ስለ ነበር፣ የኛዎቹም አንደበት እየተፈታ ሄደ። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ግጥም ያነቡ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥም ያቀረበው በዚሁ በዓል ነው። ርእሱ ብቻ እንኳ የተማሪው ዐይን ወዴት እንደ ዞረ ያስረዳል።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የክብር ዘበኛው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲደረግ፣ የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ። በስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ብዙ መኳንንትና ሚኒስትሮችም ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ተመረቀ። ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ የገበሬውና የነጋዴው፣ የወታደሩና የካህኑ ልጅ መማሪያ ሆነ።

ይሁን እንጂ በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተማሪው በግቢ የማደሩና የመመገቡ ነገር ለብዙዎች ቀረ። ብዙ ተማሪዎች ነገሩን ኅብረታቸውን ለመበተን የተደረገ አድርገው ተመለከቱት። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ተማሪው በከተማው ጎረቤት መካከል ቤት ተከራይቶ መኖር ጀመረ። የከተማውን ደሃ ኑሮ በየማለዳው በዐይኑ አየ፤ የቤት ኪራይና የሽሮ ዋጋ ምን እንደ ሆነም ተማረ። ተማሪውን ከግቢ ማውጣት ከሕዝቡ ጋር ይበልጥ አገናኘው እንጂ ዝም አላሰኘውም።

ለጠቅላይ ግዛት ተማሪዎች ከሁሉ የበለጠ ትርጉም ያለው ዓመት 1957 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ግዴታ ሆነ። አብዛኞቹም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች ሆኑ። መምህር በጠፋበት ክፍል ጠመኔ ይዞ መቆም ከዕዳ አከፋፈል ሁሉ የተሻለው እንደ ነበር እናምናለን። ምክንያቱም ተማሪው የበላውን እንጀራ ለከፋዩ ልጅ በዕውቀት መለሰለት።

በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር በባሌ ምን ይደረግ ነበር? ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ በእነ ዋቆ ጉቱ መሪነት የገበሬው ዐመፅ ይካሄድ ነበር። ከዐመፁ ምክንያቶች መካከል የመሬት በቃላድ መለካት፣ የግብር መክበድና የአስተዳደር በደል ይገኙበታል። እንግዲህ በአንድ ዘመን ተማሪው በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ መፈክር ይዞ፣ ገበሬውም በባሌ ተራራና ቆላ ጠመንጃ ይዞ የሚጠይቁት ስለ አንድ መሬት ነበር። እነዚህ ሁለቱ ፊት ለፊት ተገናኝተው ባይመክሩም፣ የአንዱን እንጀራ ሌላው በልቷልና ጥያቄአቸው ዘመድ ነበር።

የተማሪው ጥያቄ ዋጋ አስከፍሏል። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግሥቱም ለአስከሬኑ በስድስት ኪሎ ግቢ ከተሰበሰቡት መካከል ሌሎች ተማሪዎች ሞቱ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ወታደራዊው መንግሥት ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን ጀመረ። 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በየካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ አዋጁን ለገበሬው አንብበው የገበሬ ማኅበር ካቋቋሙት መካከል እነዚህ ዘማቾች ነበሩ። ፊደልም አስቆጠሩ። ነገር ግን ከመንግሥቱ ጋር ያልተስማሙ ብዙዎች ዘመቻውን ጥለው ወጡ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በነበረው ሽብር ደግሞ እጅግ ብዙ የተማሩ ወጣቶች አለቁ። አገሪቱ ስንት ዓመት አብልታ ያስተማረቻቸው ልጆች ዕዳቸውን ለመክፈል ዕድሜ አላገኙም። የሞተ ልጅ ምን ሊመልስ ይችላል? ከዚህ የምንማረው፣ አሳብ በአሳብ እንጂ በጥይት ሲመለስ የሚከስረው ያስተማረው ሕዝብ መሆኑን ነው።

ዩኒቨርሲቲው በ1967 ዓ.ም. የአሁኑን ስሙን አግኝቶ ዘመናትን ተሻገረ። በሌሎች ከተሞችም ዩኒቨርሲቲዎች በዙ። የዕዳውም መልክ ተለወጠ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ደንብ፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ድርሻውን፣ ተመርቆ ደመወዝ ሲያገኝ ለመክፈል ውል ይፈርማል። ድሮ በኅሊና የነበረው ዕዳ ዛሬ በወረቀት ላይ ሰፈረ። ታዲያ ያን ገንዘብ የከፈለ ሰው ዕዳው አለቀ ማለት ነውን? እኛ አልመሰለንም። ወረቀቱ የሚቆጥረው ብሩን ነው፤ መንገዱን የሠራውን፣ ስንዴውን ያመረተውን፣ ልጁን ከእርሻ ለይቶ የላከውን ሰው ድካም የሚቆጥር ውል የለም።

ለእኛ ለባሌ ልጆች ግን አንድ ታላቅ ለውጥ ሆኗል። ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት ማለት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በሮቤ ተቋቋመ። በጎባ ያለው ሪፈራል ሆስፒታልም የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ተማሪዎች መማሪያ ሆኗል። ዛሬ ከሌላ ክልል የመጡ ተማሪዎች የሮቤን ብርድ በጃኬትና በጋቢ ይከላከላሉ። ከእኛም ልጆች ብዙዎች ወደ ሌላ ክልል ይመደባሉ። በአራት ኪሎ ለጥቂቶች የተጀመረው የአንድ ገበታ ትምህርት በየከተማው ተዳርሷል ማለት ነው።

ይህ ገበታ ግን ጥበቃ ይፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት የተማሪዎች ሕይወት መጥፋቱን፣ ብዙ ወላጆችም ልጆቻቸውን በጭንቀት መጠበቃቸውን አንረሳም። የሩቅ አገር ልጅ በሮቤ ሲያድር አደራው የእኛ ነው። የእኛም ልጅ በሩቅ አገር ሲያድር አደራው የዚያ አገር ሰው ነው። ብድር በምድር ይባላልና።

በሩም እንደ ቀድሞው ጠባብ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይህም ከመቶ 3.3 ነው። እንግዲህ የሚገባው ተማሪ ወንበሩን የራሱ ብቻ አድርጎ ሊያየው አይገባም፤ ከኋላው በር ላይ የቀሩ ብዙ ጓደኞች አሉትና። የቀረውም ተማሪ ተስፋ አይቁረጥ፤ ሙያና ዕውቀት የሚገኘው በአንድ በር ብቻ አይደለም።

ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከእኛ መካከል ነገ ግቢ የሚገባ ቢኖር ሦስት ነገር እንዲያስብ እንለምነዋለን። የመጀመሪያው፣ ከማያውቀው አገር የመጣውን የዶርም ጓደኛውን ወንድሜ ብሎ እንዲቀበለው ነው። ሁለተኛው፣ ገበታው ላይ የቀረበውን እንጀራ ሲያነሣ የማን ላብ እንደ ሆነ እንዲጠይቅ ነው። ሦስተኛውም፣ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ በትምህርት ቤታችን ደጅ ሳያልፍ፣ ገባ ብሎ ለታናናሾቹ አንድ የሒሳብ ጥያቄ እንኳ እንዲያስረዳ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው አገልግሎት በአዋጅ ባይቀጥልም በፈቃድ ሊቀጥል ይችላል።

 ዕዳችንን አውቀነዋል፤ የምንከፍልበትን ዕድሜና ጉልበት ይስጠን።