የግንባር መስመር፦ ከጋሜ እስከ ቀዶ ሕክምና

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ካለፉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ወታደሮች ከወሰዷቸው ነገሮች አንዱ የንጉሡ ፀጉር ነበር። ያ ቁርጥራጭ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሲቀመጥ ኖሮ በመጋቢት 2011 ዓ.ም ለአገሩ በቃ። ለጥቂት ዘለላ ፀጉር ይህን ያህል መቆርቆራችን ሊገርመን አይገባም። የወረስነው ባህል ፀጉርን እንደ ተራ ነገር አይቶት አያውቅም።

ቀደምቶቻችን የሰውን ዕድሜ ከግንባሩ በላይ ያነቡ ነበር። በሰሜኑ አገር ለወንድ ልጅ ቁንጮ ይተውለታል። ልጃገረድ መሀል ራሷን ተላጭታ ዙሪያውን ጋሜ ታስቀራለች፤ ስትዳር ፀጉሯን አሳድጋ ሹሩባ ትሠራለች። ሐዘን ሲገባ ራስ ይላጫል። በብዙ ቦታ ሴቶች ግንባራቸው ላይ መስቀል ይነቀሱ ነበር። በቦረና ገዳ ደግሞ በመጀመሪያው ዕርከን ያሉት ደባሌዎች ፀጉራቸው ሳይቆረጥ ይረዝማል፤ ጋሜ ወደሚባለው ቀጣይ ዕርከን ሲሸጋገሩ ይላጫል። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም የመዘገበው ይህ ሥርዓት የሰውን ልጅ ከዕርከን ወደ ዕርከን ሲያሻግር ምልክቱን ራስ ላይም ያኖራል።

ከእነዚህ ሁሉ፣ ከንቅሳቱ በቀር፣ ቋሚ የሆነ አልነበረም። ምላጭ የነካው ተመልሶ ይበቅላል፤ የሐዘን ራስ በወራት ይሸፈናል። መስመሩን የሚያሰምረውም ማኅበረሰቡ ነው። አንዲት ልጅ ብቻዋን መስታወት ፊት ቆማ «ግንባሬ ሰፋ» ብላ አትፈርድም ነበር።

ሰፊ ግንባር ነውር ነው ያለውስ ማን ነው? በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ መኳንንት ሴቶች ግንባራቸው ከፍ ብሎ እንዲታይ የፊት ፀጉራቸውን እየነቀሉ ያስወግዱ ነበር። ዛሬ እዚያው አውሮፓ ግንባር የሚያሳጥር ሐኪም ወረፋ ይያዝለታል። ፊቱ ያው የሰው ፊት ነው፤ የተለወጠው ዘመኑ ነው።

የዘመኑ ቀዶ ሕክምና እንዲህ ይሠራል። ሐኪሙ የፀጉሩን ዳር ተከትሎ ቆዳውን ይቀድዳል። የራስ ቆዳውን ከሥሩ አላቆ ወደ ፊት ይስባል፤ ከግንባሩ ትርፍ የሆነውን ቆዳ ቆርጦ ያወጣል፤ ከዚያ ይሰፋል። መስመሩ ብዙ ጊዜ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ራሱ ላይ ለወራት የሚቆይ መደንዘዝ ሊኖር ይችላል። ጠባሳው በፀጉር ይሸፈናል ተብሎ ቢታሰብም፣ እንደኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ጠባሳ አብጦ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ፀጉሩ ገና እየሸሸ ላለ ሰው ደግሞ ነገሩ ከንቱ ነው፤ ፀጉሩ ሲያፈገፍግ የተሰፋው ቦታ ገሃድ ይወጣል።

ፀጉርንና ፊትን የማስተካከል ሙያ ግን ለቁንጅና ብቻ የተወለደ አይደለም። ጃፓናዊው ሐኪም ኦኩዳ እ.ኤ.አ. በ1939 ስለ ፀጉር ንቅለ ተከላ ሲጽፍ፣ ጠባሳ ፀጉር ያሳጣቸውን ሰዎች እያከመ ነበር። የሥጋ ደዌ ቅንድባቸውን ላረገፈባቸውም ሐኪሞች ከራሳቸው ፀጉር ወስደው ቅንድብ ይተክሉላቸው ነበር። በ1958 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የሥጋ ደዌ ማዕከሉ አለርት ሲቋቋም በሽታው በአገራችን ብርቱ ጠላት ነበር፤ በአርሲ ምድርም የጋምቦ ሆስፒታል ሥራውን የጀመረው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በማስጠለል ነው። ቅንድቡ የተመለሰለት ሰው ጎረቤቱ ሳይሸሸው ገበያ ይወጣል። ለዚህ የሚነሣ ቢላ እጅግ የተከበረ ቢላ ነው፤ እኔም ፊቴን ለማስተካከል ከሚነሣው አስቀድሜ አከብረዋለሁ።

አሁን ከሆስፒታሉ ወጥተን ወደ ፀጉር ቤቱ፣ ወደ ኢተያ እንምጣ። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ የስንዴ ማሳ በከበባት በዚህች ከተማ እንደ ሌሎች ከተሞቻችን ሁሉ ፀጉር ቤቱ በበዓል ዋዜማ ይጨናነቃል። ሠሪዋ በማበጠሪያው ጭራ ግንባር ላይ ያለውን ለስላሳ ፀጉር ሳይቀር ለቅማ ትይዛለች። «አጥብቂልኝ እቴ፣ ቶሎ እንዳይፈታብኝ» ትላለች ተሠሪዋ። ማታ ራሷን ያማታል፤ ትራስ ላይ ማረፍ ይቸግራታል፤ በማግስቱ በፀጉሩ ዳር ጥቃቅን ብጉር ይወጣል። ሹሩባው ሲፈታ ሂውማን ሄር ይሰፋበታል፤ ስፌቱ ሲወርድ ፒያስትራ ይቀጥላል። በዓመታት ውስጥ ከጆሮ በላይና ከግንባር ጥግ ፀጉሩ ይሳሳል። ሥሩ ገና ሳይሞት ማሰሪያው ከላላ ይመለሳል፤ ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ቀዶ ሕክምና ከሚያምራቸው መካከል የአንዳንዶቹ ግንባር ሲፈጠር ሰፊ አልነበረም፤ እኛው ጎትተን አስፍተነዋል።

የጠፋብን ትምህርት ይህ ነው። እናቶቻችንም ሹሩባ ይሠሩ ነበር፤ ነገር ግን ሲፈታ ቅቤ ይቀባል፣ ፀጉሩ ተለቅቆ ይሰነብታል። ዕረፍት የሥርዓቱ አካል ነበር። እኛ ሹሩባውን ወርሰን ዕረፍቱን ተውነው። ነገ ቢላው ሲረክስና ወደ እኛ ሲቀርብ፣ መጎተታችንን ሳናቆም በየዓመቱ ቆዳ ስናስቆርጥ እንዳንገኝ እፈራለሁ።

ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በራሱ ፊት ላይ የመወሰን መብት አለው፤ ያን አልነሣም። ነገር ግን እንደ የካቲት 12 ያሉ ሆስፒታሎቻችን ውስጥ በእሳት የተቃጠሉ ሕፃናትን ቆዳ የሚያስተካክሉ እጆች ጥቂት ናቸውና፣ ሙያው ሲያድግ መጀመሪያ ወደ እነርሱ ይዙር። ፀጉር ሠሪ እህቶቼም፣ የሕፃናቱን የግንባር ዳር ልቀቁላቸው። እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ «አመመኝ» ስትል «ለውበት ነው፣ ቻይው» አትበሏት፤ ፍቱላት።