ቅድመ አያትና የአጎት ልጅ

ስለ ሰው ልጅ ጥንታዊ አመጣጥ የሚያስተምር መምህር አስቀድሞ ቅድመ አያትን ከአጎት ልጅ መለየት ይገባዋል። ይህንንም የኦልዱቫይ ታሪክ ያስረዳል።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. ሜሪ ሊኪ ያን ጊዜ ታንጋኒካ በምትባለው አገር፣ በኦልዱቫይ ሸለቆ፣ መንጋጋ ጥርሱ እጅግ ትልቅ የሆነ የራስ ቅል አገኙ። ባለቤታቸው ሉዊስ ሊኪም «ዚንጃንትሮፐስ»፣ ይኸውም የምሥራቅ አፍሪቃ ሰው፣ ብለው ሰየሙት፤ በአጠገቡ የተገኙትን የድንጋይ መሣሪያዎች የሠራው ቅድመ አያታችን እርሱ ነው ብለውም ገመቱ። በ1961 ዓ.ም. ዕድሜው በአለቱ ተለክቶ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆነ። ነገር ግን በዚያው ሸለቆ የአንጎሉ መጠን የሚበልጥ የሌላ ፍጡር ዐፅም ተገኝቶ በ1964 ዓ.ም. «ሆሞ ሃቢሊስ» ተባለ፤ መሣሪያዎቹም ለእርሱ ተቈጠሩ። ዚንጃንትሮፐስ ዛሬ የሚቈጠረው ዘር ሳይተካ ከጠፋ ቅርንጫፍ ነው።

ቺምፓንዚም እንዲሁ ከእኛ ጋር ከአንድ ጥንታዊ ግንድ የወጣ ዘመድ እንጂ ወላጃችን አይደለም። ስለዚህ ተማሪ «ሰው ከዝንጀሮ መጣን?» ብሎ ሲጠይቅ መምህሩ አይቈጣው፤ በችኰላም «አዎን» አይበለው። የአጎት ልጅ አያት ሊሆን እንደማይችል ሕፃኑ ከቤቱ ያውቃልና፣ ትምህርቱ ከዚያ ይጀመር።