«አራሽ» ሲባል ማን ቀረ?

ባለፈው አረፋ ጨፋ ሮቢት ቤተሰብ ጋ ሄጄ አያቴን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፦ «መሬት ለአራሹ በተባለ ጊዜ እርስዎ አራሽ ነበሩ ወይስ ከብት አርቢ?» ሳቁና «በየትኛው ወር?» አሉኝ።

መልሳቸው ቀልድ አልነበረም። ቦርከና ወንዝ የጨፋን ሜዳ ረግረግ ስለሚያደርገው፣ በበጋ ሌላው አካባቢ ሲደርቅ እዚህ ሣር አይጠፋም። ኦሮሞውም አፋሩም ከብቱን እየነዳ ይመጣል። ያው ሜዳ ለአንዱ ማሳ፣ ለሌላው የበጋ ግጦሽ ነው። እንደ አያቴ ያለው ደግሞ ሁለቱንም ነው።

ተማሪዎች በየካቲት 1957 አዲስ አበባ ላይ ያነሱት መፈክር የጭሰኛውን በደል በሁለት ቃል ተናግሯል፤ ኃይሉም እሱ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለአንድ አራሽ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ተፈቀደ።

አዋጁ አርቢውን ጨርሶ አልረሳም። ያኔ «ዘላን» ለተባሉት የተለየ ምዕራፍ ነበረው፤ በልማድ በሚያግጡበት መሬት ላይ የይዞታ መብት ሰጣቸው። ግን እዚያው ላይ መንግሥት የውኃ ጉድጓድ እንዲቆፍርላቸው፣ ለእርሻም እንዲያሰፍራቸው ይላል። በአጭሩ፦ መብትህን እንካ፣ ቀስ ብለህ ግን አራሽ ሁን።

በዚያ ሰሞን ኢሕአፓና መኢሶን የየራሳቸውን ፕሮግራም አወጡ። ዋናው ጭቅጭቃቸው ግን ሥልጣኑ በማን እጅ ይሁን የሚል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ለገበሬውና ለአርብቶ አደሩ ለየብቻ ንዑስ አንቀጽ ሰጠ። ትልቅ እርምጃ ነው። አያቴ በየትኛው ይግቡ?

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። እኛ ጋ ፎርም ስንሠራ «ሥራ» የሚል ቦታ እናደርግና አንድ ብቻ እንዲመረጥ እናዛለን። ሁለት ሥራ ያለው ሰው አንዱን ይዋሻል። ሲስተሙ ይሠራል፣ መረጃው ግን ውሸት ነው።

ፓርቲ ፕሮግራም ሲጽፍም ከመፈክር መነሳቱ አይከፋም፤ ሰው የሚሰባሰበው በመፈክር ነው። ግን ከማጽደቁ በፊት እያንዳንዱን አንቀጽ ይዞ አንድ ሜዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይቁም፦ በሐምሌ ማን አለ? በጥርስ ማን ይመጣል? ሁለቱ ሲገናኙ ማን ያስታርቃል? ይህን ያልጠየቀ ፕሮግራም ጨፋ ሲደርስ ጥያቄው በዱላ፣ ሲብስም በጥይት ይጠየቃል።