ቆርቆሮ ያለው፤ ከለገሃር እስከ ቆሼ

የከተማን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ዘወትር የሚነሡት ከቤተ መንግሥቱ፣ ከአድባራቱና ከአደባባዩ ነው። ይሁን እንጂ ከተማ ማንነቱ የሚታወቀው በሚገነባው ብቻ ሳይሆን በሚጥለውም ጭምር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የአዲስ አበባን የቤት ቆሻሻ ታሪክ ከለገሃር ተነሥቶ ይቃኛል። መነሻዬ ለገሃር የሆነበትን ምክንያት አንባቢ ከጥቂት መስመሮች በኋላ ይረዳዋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ በአብዛኛው የሚበሰብስ ነበር። አመዱና የእህሉ ገለባ ወደ ጓሮ ይጣላል፤ ለጎመኑ ማዳበሪያ ይሆናል። የጠላው አተላ ለከብትና ለበግ ይሰጣል። የተረፈው እንጀራ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ፣ ድርቆሹም የመንገደኛ ስንቅ ይሆናል። አጥንቱና ጥንቡ ደግሞ የጅብ ድርሻ ነበር። በዚያ ዘመን ጅብ ደመወዝ የማይከፈለው የከተማዋ የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ሥርዓት የለወጠው ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋን በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባን ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ደረሰ። የጣቢያው ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ፈረንሳዮች «ላ ጋር» ያሉትን ሕዝቡ በራሱ አንደበት ገርቶ ለገሃር አለው። ባቡሩ ስላመጣው ሥልጣኔ ብዙ ተብሏል። ብዙ ያልተባለለት ነገር ቢኖር፣ የማይበሰብስ ዕቃ በገፍ የገባው በዚሁ በር መሆኑ ነው። ቆርቆሮው፣ በርሜሉ፣ ጠርሙሱ፣ ጣሳው ሁሉ በዚህ በኩል አለፈ። ጅብ ቆርቆሮ አይበላም፤ ጓሮም ጠርሙስ አያበሰብስም።

ታዲያ የከተማው ሰው ምን አደረገ? ማንም ሳያዘው የራሱን ሥርዓት ዘረጋ። «ቁራሌው!» የሚለው ጥሪ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው ይባላል። ባለ ጆንያው ነጋዴ በየመንደሩ እየዞረ የተሰበረ ድስት፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ያረጀ ጫማና የዛገ ብረት ይገዛል። ወንድሙ ልዋጭ ደግሞ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። የተሰበሰበው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ ይሆናል። እናቶቻችን ጠርሙሱን ከአልጋ ሥር ያኖሩት፣ የዘይቱን ጄሪካን ውኃ መቅጃ ያደረጉት፣ ሃይላንዱን አጥበው ያስቀመጡት በማንም ትእዛዝ አይደለም። ዋጋ እንዳለው ስላወቁ ነው።

እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሰው ነኝና ነገሩን በሒሳብ ቋንቋ ልግለጸው፦ ማዘጋጃ ቤት ቆሻሻን የሚመዘግበው በወጪ ዓምድ ነው፤ ቁራሌው ግን ያንኑ ዕቃ ወደ ገቢ ዓምድ ያዛውረዋል። አንድ ዕቃ ከዓምድ ወደ ዓምድ እንዲሻገር ያስቻለው መኪናም ፋብሪካም ሳይሆን ከደጅ ቆሞ የሚጣራ ሰው ነው።

መንግሥታዊው መንገድ ግን ሌላ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ረጲ፣ ሕዝቡ «ቆሼ» ያለው መጣያ ተከፈተ። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ የጽዳት ዘመቻ የቀበሌ ተግባር ሆነ። ቆይቶም በ1990ዎቹ የጽዳት ማኅበራት ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መሰብሰብ ጀመሩ። የነዋሪው ክፍያ ከውኃ ሒሳብ ጋር ተጣመረ። ግን ጋሪው አንድ፣ ገንዳው አንድ፣ የሁሉም መድረሻ ያው ቆሼ ሆኖ ቀረ።

በ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ወጣ። አዋጁ ማንኛውም አባወራ ወይም እማወራ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው ለይቶ በተመደበለት ቦታ እንዲያኖር ያዝዝ ነበር። ስስ የላስቲክ ከረጢትን፣ ማለትም 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን፣ ማምረትና ማስገባት ገደበ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን አባወራው የለየውን የሚቀበል ሁለተኛ ገንዳ በየመንደሩ አልቆመም። ከዚህም በላይ አዋጁ ቆሻሻ የሚሰበስብ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ይጠይቅ ነበር፤ በፊደሉ ከሄድን ዕድሜ ልኩን ሲለይ የኖረው ቁራሌው ፈቃድ የለሽ ነበር ማለት ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

የዚህ ቸልታ ዋጋ በቆሼ ተከፈለ። መጣያው ሞልቶ ተራራ ሆኖ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ቢከፈትም የአካባቢው ገበሬዎች በመቃወማቸው በዚያው ዓመት ክረምት ሥራው ተቋረጠ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተራራው ተናደ። ከሥሩ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከእነርሱ መካከል ኑሯቸው የጣልነውን መልቀም የነበረ አሉ። እኛ በየቤታችን ያልለየነውን እነርሱ ሲለዩ ነው የኖሩት።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ከቆሻሻ መብራት ማግኘት ደግ ነገር ነው። ነገር ግን እሳት አይመርጥም። ለምድጃ፣ ለኩራዝና ለጫማ ይሆን የነበረውን አስቀድሞ የሚለይ ሰው ካልተገኘ የሚቀረን አመድ ነው።

አሁን ደግሞ የሰፈሩ መልክ ተለውጧል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በለገሃር በ36 ሄክታር ላይ የሚያርፍ አዲስ መንደር ግንባታ ይፋ ሆነ። ቆሼም ይነገርለት የነበረው ስፋት ያው 36 ሄክታር መሆኑ ያስገርማል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ለመልሶ ማልማት ተነሡ። በዚያው ዓመት የላስቲክ ከረጢትን የሚከለክልና ተጠቃሚውንም በገንዘብ የሚቀጣ አዲስ አዋጅ ጸደቀ። ከተማዋ ትታደስ፤ ላስቲኩም ይቅር፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ዘበኛ በሚጠብቀው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ሥር «ቁራሌው!» የሚለው ድምፅ እስከ ስንተኛው ፎቅ ይሰማል? በአንድ ግቢ ስድስትና ሰባት ቤተሰብ በኖረበት ሰፈር ጥሪው ለሁሉም ይደርስ ነበር። ግቢው ሲፈርስ ከቤቶቹ ጋር የፈረሰ ያልተጻፈ ደንብ አለ።

ስለዚህ ደንብ አውጪዎቻችን ከሩቅ አገር ባለ ሦስት ቀለም ቅርጫት ከማስመጣታቸው በፊት ከደጃቸው የሚያልፈውን ሰው ቢጠሩት መልካም ነው። ፈቃድና መታወቂያ ይሰጡት፣ ከሕንፃው ሥር መረከቢያ ቦታ ይከልሉለት፣ ጓንትና ጫማም አይንፈጉት። ሥራውን ሊያስተምሩት አይገባም፤ እርሱ ከአዋጁ በፊት ያውቀዋል።