ያገለገለ ጠመንጃ ወደ ኦሞ የወረደበት መንገድ

የደቡብ ኦሞን ፎቶግራፎች ሳታዩ አትቀሩም። ሰውነቱን በነጭ አፈር ያስዋበ ወጣት ክላሹን አንግቶ ቆሟል፤ ከሥሩ ደግሞ «ዘመን ያልነካው ባህል» የሚል ዓይነት መግለጫ ተጽፏል። እስቲ አሁን ወጣቱን ትታችሁ ጠመንጃውን ልብ ብላችሁ እዩት። ክላሽንኮቭ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ወደ ኦሞ ሸለቆ በብዛት የገባው ደግሞ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። ያ «ዘመን ያልነካው» የተባለው ወጣት የያዘው ዕቃ ከአባቱ ዕድሜ ላይበልጥ ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ጠመንጃ እዚያ እንዴት ደረሰ? በጂንካም ሆነ በኦሞ ዳር የጠመንጃ ፋብሪካ ኖሮ አያውቅም። መልሱ ባጭሩ «ከሰው» የሚል ነው፤ ከሰው እጅ፣ ያገለገለ፣ ከዚያ በፊትም ከሌላ ሰው እጅ የመጣ። በዚህ ጽሑፍ የዚያን መንገድ ታሪክ እንከተላለን። (እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ገጣሚው ነጋዴ

የአሮጌ ጠመንጃን ንግድ ለመረዳት ከኦሞ ራቅ ብለን ከታጁራ ወደብ መጀመር ይሻላል። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በአገሩ ታላቅ ገጣሚ ሲባል፣ እኛ ዘንድ ግን የመጣው በነጋዴነት ነው። በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ወጣ፤ ገዢው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ።

ራምቦ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ዕቃው ምንም አልደበቀም። ጠመንጃዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ ናቸው፤ ቤልጂግ አገር ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ውስጥ ከአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች አንዱ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛል፤ ሸዋ ሲደርስ 40 ፍራንክ ያወጣል ይላል። ትርፉ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። እንጦጦ ሲደርስ ግን ምኒልክ ዋጋውን ሰበሩት፤ የሞተው የንግድ ሸሪኩ የላባቱ ዕዳም ከሒሳቡ ላይ ተቆረጠበት። ሻጩ ገዢውን ሞኝ መስሎት ነበር። ገዢው ግን ገበያውን ከሻጩ የበለጠ ያውቁ ነበር።

ከዚህ ንግድ ጀርባ ያለው ነገር ቀላል ነው። አንድ የአውሮፓ ጦር አዲስ ጠመንጃ በታጠቀ ቁጥር የድሮው ክምር ገዢ ይፈልጋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 «ግራ» የተባለውን ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ታጠቀች። እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰው ሌቤል ሲመጣ ግራው ባንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ። ጣሊያንም ቬተርሊውን በካርካኖ ስትተካ እንዲሁ ሆነ። የተጣለው ዕቃ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ጎረፈ።

ቋንቋችንም ይህን መዝግቦ ይዞታል። «ውጅግራ» የምንለው የፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው። «ሰናድር» የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ ስናይደሩ ራሱ ደግሞ በአፈሙዝ የሚጎረስ አሮጌ ኤንፊልድ ከኋላ እንዲጎርስ ተደርጎ የተለወጠ ነበር። ማለትም ገና ከፋብሪካው ሲወጣ «ያገለገለ» ዕቃ ነው።

የአውሮፓ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1890 ብራስልስ ላይ ተሰብስበው ከ20 ዲግሪ ሰሜን እስከ 22 ዲግሪ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ ተስማምተው ነበር። በጅቡቲ በኩል ግን ንግዱ ቀጠለ። አድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ከአድዋ በኋላ፦ ማጂና ባኮ

በ1890 ዓ.ም. ገደማ የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ እስከ ቱርካና ሐይቅ ደረሰ። በኣሪ ምድር ባኮ፣ ከኦሞ ማዶ በዲዚ ምድር ደግሞ ማጂ የጦር ከተሞች ሆኑ። ጂንካ የአካባቢው ማዕከል የሆነችው ከባኮ በኋላ ነው። ዛሬ በፖለቲካ የምንጠዛጠዝበት «ነፍጠኛ» የሚለው ቃልም ያኔ በቀጥታ ነፍጥ የያዘውን ሰው ያመለክት ነበር። ነፍጥ ያለው ገዛ፤ የሌለው ገበረ።

ማጂ ላይ ሦስት ነገሮች ተያይዘው ይዞሩ ነበር፦ የዝሆን ጥርስ፣ ባሪያና ጠመንጃ። በጠመንጃ ዝሆን ይታደናል፣ ሰው ይፈነገላል፤ በጥርሱና በሰው ሽያጭ ደግሞ ተጨማሪ ጠመንጃና ጥይት ይገዛል። የታሪክ ምሁሩ ፒተር ጋረትሰን ይህን «ክፉ አዙሪት» ብሎ ገልጾታል። ከሁሉ የበለጠ የተጎዱት ዲዚዎች ነበሩ፤ ሕዝባቸው በእጅጉ አለቀ።

እዚህ ላይ የጥይት ነገር አይታለፍም። በዚያ ዘመን በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ማሪያ ትሬዛ ብር ለትንሽ ዕቃ ትልቅ ነው፤ ስለዚህ መልሱ በጥይት ይሰጣል። ነገሩ ለዛሬ ሰው ይገርማል እንጂ ምክንያት አለው። ጥይት መጠኑ አንድ ዓይነት ነው፣ አይበሰብስም፣ ሁሉም ሰው ይፈልገዋል። ደግሞም ጥይት የሌለው ጠመንጃ ዱላ ነው። ለዚህ ነው ገዢ ስለ ጠመንጃው ከመጠየቁ በፊት «ጥይቱ ይገኛል ወይ?» ማለት የነበረበት። ውጅግራ ብረቱ ደህና ሆኖ ሳለ ቀስ በቀስ ከገበያ የወጣው በዚህ ነው፤ ለአፈሙዙ የሚሆን ጥይት የሚሠራ ጠፋ።

በቆላው የሚኖሩት ሙርሲዎችና ጎረቤቶቻቸው ጠመንጃ ያገኙ የነበረው ከደጋው ሰው ነው፤ ዝሆን ጥርስ፣ የነብር ቆዳና ከብት እየሰጡ። ከ1928 እስከ 1933 የቆየው የጣሊያን ወረራ ሲያበቃ አገሩ በተበተነ መሣሪያ ተሞላ፤ ያም እየተንከባለለ ወደ ቆላ ወረደ። ልብ በሉ፤ ቆላው ሁልጊዜ የሚደርሰው ደጋው የጠገበው ነው፤ ደጋውም የታጠቀው በአብዛኛው አውሮፓ የጠገበችውን ነበር።

ገዢው የማያየው

ያገለገለ ዕቃ ከማታውቁት ሰው ገዝታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ስልክ፣ ሞተር፣ ፍሪጅ። ጭንቀቱ አንድ ነው፦ «ደህና ከሆነ ለምን ይሸጠዋል?» አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህንኑ ጥያቄ ስለ አሮጌ መኪና አንስቶ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆነው በዚህ ሥራ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሻጭ የዕቃውን ጉድለት ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢው ስለሚጠራጠር ዋጋ ይቀንሳል። ዋጋው ሲወርድ ደህና ዕቃ ያለው ሰው «በዚህስ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል። ገበያው ላይ የሚቀረው እንከን ያለው ብቻ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ገበያው ራሱ ሊፈርስ ይችላል።

ከጠመንጃ አንጻር ስታዩት ነገሩ ይከፋል። ሰደፉ መሰንጠቁ በዓይን ይታያል። የበርሜሉ ውስጥ መበላት ግን በቀላሉ አይታይም፤ ቀለሁን የሚጎትተው ጥርስ መድከሙ የሚታወቀው ስትተኩሱ ነው። ክፍያው ከብት ሲሆን ደግሞ ጥርጣሬው ሁለት ወገን ይሆናል። ሻጩም የላሟን ድብቅ በሽታ አያውቅምና! ሁለት ያገለገሉ ዕቃዎች፣ ሁለት የተደበቁ እንከኖች።

ይህ ገበያ ግን አልፈረሰም። ለምን? አንዱ መልስ የወዳጅነት ውል ነው። በደቡብ ኦሞ ከራስ ብሔረሰብ ውጭ ካለ ሰው ጋር የሚታሰር ጽኑ ወዳጅነት አለ፤ በሐመርና በካራ ወዳጁ «ቤል» ይባላል። ቤል ቤቱ ያሳድራል፣ ያበላል፣ በችግር ጊዜ ይደርሳል፣ ስጦታና ልውውጡም ለዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ ልጆች ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የተበላሸ ዕቃ ቢሸጥላችሁ ነገ የሚያጣው ብዙ ነው። የአከርሎፍ ችግር የሚፈታው ይህን በመሰለ ነገር ነው፤ ደረሰኝና ዋስትና በሌለበት አገር ዋስትናው ሰውየው ራሱ ነው።

ጠመንጃው ቤት ከገባ በኋላም ዕቃ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በሙርሲ ለሙሽራ ቤተሰብ የሚሰጠው ከብት በልማዱ 38 ነው። በኋላ ዘመን ጠመንጃም ከከብቱ ጋር ተደምሮ ይቆጠር ጀመር። እንግዲህ አንድ ጠመንጃ መከላከያ ነው፣ ቁጠባ ነው፣ የአንድ ወንድም ጋብቻም ነው።

ቧንቧው ሲቀየር

እስከ 1970ዎቹ ድረስ ጎረቤታሞቹ ሕዝቦች ባብዛኛው ጥይት አንድ በአንድ የሚተኩሱ አሮጌ ጠመንጃዎች ነበሯቸው። ግጭት ነበር፣ ሰው ይሞት ነበር፤ ነገር ግን ማንም ከማንም በብዙ አይበልጥም። ሁሉም ከአንድ ቧንቧ ነበር የሚቀዱት ልንል እንችላለን።

ከዚያ ሌሎች ቧንቧዎች ተከፈቱ። በ1971 ዓ.ም. ኢዲ አሚን ሲወድቁ በሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ የሞሮቶ የጦር ሰፈር መሣሪያ ግምጃ ቤት ተዘረፈ፤ መሣሪያውም በአርብቶ አደሩ አካባቢ ተሠራጨ። በ1975 የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት እንደገና ፈነዳ። ክላሽ በደቡብ ሱዳን በኩል ወደ ቶፖሳዎች፣ ከእነሱም ወደ ወዳጆቻቸው ኛንጋቶሞች ደረሰ። ሙርሲዎች ከዚህ ቧንቧ ራቅ ያሉ ነበሩ፤ በእጃቸው የነበረው ያው የድሮው ጠመንጃ ነው።

ውጤቱ በ1979 ዓ.ም. ታየ። ኛንጋቶሞች በደቡብ ሙርሲ ላይ ባደረሱት ጥቃት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከሙርሲዎች ጋር ለረጅም ዓመታት የሠራው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ይህን በዝርዝር ጽፎታል። በሕዝቡ ትዝታ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ እልቂት አልነበረም። የጥላቻው ልክ በአንድ ሌሊት አልጨመረም፤ የጨመረው አንዱ ወገን በደቂቃ የሚተኩሰው ጥይት ነው።

ከዚያ በኋላ ሙርሲዎች ምን ያድርጉ? ከብት ሸጡ፣ ክላሽ ገዙ። በ1983 የደርግ ጦር ሲበተን ደግሞ ወታደሩ ብረቱን በየመንገዱ ሸጠ፤ ክላሽ በመላ አገሪቱ ረከሰ። ሚዛኑ ተመልሶ ቆመ፤ ግን ከበፊቱ በጣም አደገኛ በሆነ ደረጃ ላይ። የከብት ዘረፋና የሣር ጠብ፣ ድሮ በሽማግሌ የሚበርደው፣ አሁን በአንድ ከሰዓት ብዙ ሰው ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ሕጉና ሦስቱ ጥያቄዎች

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ማስተላለፍን ይከለክላል። በሰው ለሰው ሽያጭ ጠመንጃ ዱካው ስለሚጠፋ አዋጁ ምዝገባን ማዕከል ማድረጉ ትርጉም አለው። ነገር ግን እስከ አሁን ያየነው ታሪክ አንድ ነገር ያስጠነቅቀናል። አንዱን ጎሳ አስፈትቶ ጎረቤቱን መተው የ1979ን ሁኔታ እንደገና መፍጠር ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰላማጎ ወረዳ በቦዲና በሙርሲ አካባቢ የተካሄደው ትጥቅ የማስፈታት ዘመቻ ከባድ የሰብአዊ መብት አቤቱታ ማስነሳቱም ይታወሳል። ጠመንጃ ስትወስዱ ከዚያ ቤት ቁጠባና ጋብቻም አብሮ እንደሚሄድ ካልታሰበ ሰው ብረቱን ይቀብራል እንጂ አያመጣም።

ራሳችሁን በገዢው ቦታ አስቀምጡ። ያ ሰው ከብቱን ነድቶ ጠመንጃ ሊገዛ ሲሄድ ሦስት ጥያቄዎች በልቡ አሉ፦ ጎረቤቴ ምን ይዟል? ብጠቃ ማን ይደርስልኛል? ከብቴን ከዚህ በተሻለ በምን ላስቀምጠው? የመጀመሪያው መልስ የሚያገኘው ድንበር ሳይለይ በሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ በሚሠራ ምዝገባ ነው። ሁለተኛው በፍጥነት ደርሶ ከማንም ሳይወግን የሚቆም ፖሊስና ፍርድ ቤት ይፈልጋል። ሦስተኛው የእንስሳት ሐኪም፣ ገበያና የቁጠባ ተቋም ጉዳይ ነው። ሦስቱም ከጂንካ ቢሮዎች በጀትና ትዕግሥት የሚጠይቁ ናቸው፤ ከዘመቻ ይልቅ ዝግ ያሉም ናቸው።

ጂንካ ከሄዳችሁ ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ጎብኙ። ከዚያ ወርዳችሁ ወደ ቆላው ስትዘልቁ ክላሽ የያዘ ሰው ማየታችሁ አይቀርም። ያኔ «ባህላቸው ነው» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ያ ብረት በስንት እጅ እንዳለፈ አስቡ። ከእነዚያ እጆች ብዙዎቹ ከኦሞ በጣም የራቁ ናቸው።